ከቤት ሳንወጣ የምናየው ቴአትር፣ ሙዚቃና ሥዕል፦ ሐዋሳ ያላችሁ ምን እያያችሁ ነው?

ሐይቅዳር
ሚያዝያ 14 ቀን 2012፣ ከምሽቱ 1፡20

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የሐዋሳ ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ?

እኔ የምሠራበት ሆቴል በኮሮና ምክንያት እንግዳ ካጣ ወዲህ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ውጡ ተባልንና ይኸው ታቦር ተራራ ግርጌ ከእናቴ ጋር ቤት ዋልኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ጠዋት ማታ ዜና ብቻ ነበር የምከፍተው። ስንት ሰው ተያዘ፣ ስንት ሰው ሞተ። አንድ ማታ እናቴ "ልጄ፣ ይኼን ዝጊውና ነፍስ የሚያሳርፍ ነገር አሳዪኝ" አለችኝ። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ፣ የእናንተንም ልሰማ ብዬ ነው።

ሚያዝያ 4፣ የእኛ ሆሳዕና በዋለበት፣ የፈረንጆቹ ፋሲካ በነበረበት እሑድ፣ ጣሊያናዊው ዘፋኝ አንድሬያ ቦቼሊ ሚላኖ ካቴድራል ውስጥ ሲዘምር ዩቲዩብ በቀጥታ አስተላልፎት ነበር፤ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ያ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ባዶውን ነው፤ ኦርጋን ከሚጫወተው ሰው በቀር ምእመን የሚባል የለም። መጨረሻ ላይ ውጭ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ብቻውን ቆመ፤ ፊት ለፊቱ ያለው አደባባይም ጭር ብሏል። እናቴ ቋንቋውን አታውቅም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጸጥ ብላ ሰማችውና "ዓይነ ስውር ነው እንዴ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ ቃል አልወጣትም። በሳምንቱ የራሳችንን ፋሲካ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ስንከታተል "ያ ሰውዬም እንደኛው ከሰው ርቆ ነበር" አለች።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ የለንደኑ ናሽናል ቴአትር በዩቲዩብ በነፃ የሚለቀውን እያየን ነው። ከመጋቢት 24 ጀምሮ ነው። በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ይጀምራል፤ ከዚያ አንድ ሳምንት ሙሉ ይቆይና ይነሣል። ነገ የሼክስፒር ኮሜዲ ነው።

አንድ የተማርኩት ነገር አለ። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ቪዲዮ እያቋረጥኩ፣ መልእክት እየመለስኩ ነበር የማየው፤ ምንም አልጣመኝም። ከዚያ እንደ እውነተኛ ቴአትር ሰዓት ቆረጥንለት። ቡናው ቀድሞ ይፈላል፤ እናቴ ፀጉሯን ትሠራለች፤ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈን መብራት እናጠፋለን። እኔ እየተረጎምኩላት እናያለን። ካለቀ በኋላ ሦስተኛው ቡና ላይ እንከራከራለን። የማየቱ ጣዕም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እናንተስ?

ባለፍላሽ
ሚያዝያ 14፣ ከምሽቱ 2፡05

ሐይቅዳር እህቴ፣ ጥሩ ርእስ ነው ያነሣሽው። እኔ መናኸሪያ አካባቢ ዘፈንና ፊልም የምጭን ሰው ነኝ፤ በሚሞሪ፣ በፍላሽ። ስለ ሜጋባይት ትንሽ ልበል።

ብዙ ሰው "ፓኬጄ በአንድ ቪዲዮ አለቀ" ይላል። ዩቲዩብ ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ መስመር እንዳይጨናነቅ ብሎ በዓለም ዙሪያ ቪዲዮውን በመካከለኛ ጥራት ነው የሚጀምርልን፤ እሱም ቢሆን ለኛ ብዙ ነው። ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭናችሁ ጥራቱን ወደ 144 ወይም 240 አውርዱት። በስልክ መስኮት ላይ ቴአትር ለማየት 240 ይበቃል፤ ፊታቸው ይለያል። ለሙዚቃ 144 አድርጉት። እኔ ጋ በ144 አንድ ሰዓት ከ100 ሜጋ አያልፍም። የሌሊት ፓኬጅ የሚገዛ ደግሞ ሌሊት ይይ፤ ዋጋው ይቀላል፣ መስመሩም አይንቀራፈፍም።

ዓይናችሁ ከደከመ ድምፅ ብቻ ስሙ። የመዓዛ ብሩን የሸገር ሬዲዮ የጨዋታ እንግዶች ዩቲዩብ ላይ ታገኛላችሁ፤ ስልኩን ትራስ ሥር አድርጎ መስማት ነው። አንድ አዛውንት ሕይወታቸውን ሲተርኩ ሰዓታት እንዴት እንደሚያልፉ አይታወቅም።

የሞቢል ልጅ
ሚያዝያ 15፣ ከረፋዱ 4፡40

ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ልናገር። ባጃጅ ነው የምነዳው። ሰው ቀንሳችሁ ጫኑ ተብለን ገቢያችን ግማሽ ሆኗል፤ የቤት ኪራይ ግን ግማሽ አልሆነም። ልጆች ያሉት ሰው ዱቄት እያሰበ ነው። በዚህ ጊዜ ስለ ለንደን ቴአትር ማውራት ለኔ ከባድ ነው። ቅር እንዳትሰኙ።

ሐይቅዳር
ሚያዝያ 15፣ ከቀኑ 6፡10

ወንድሜ፣ ቅር አላለኝም። እኔም ደመወዝ የለኝም፤ የምንበላው እናቴ ያጠራቀመችውን ነው። ሽሮው እንዳለ ሽሮ ነው፤ ቴአትሩ አይጨምርበትም። ግን ሐሙስ ማታ እነዚያ ሁለት ሰዓታት ውስጥ እናቴ ስለ ዱቄት አታስብም። የደም ግፊት አለባት፤ በጭንቀት ስትብሰለሰል ማደሯ ለኔ ከሽሮው እኩል ያሳስበኛል። ስለዚህ ነው የምጽፈው። የባጃጁ ነገር ግን ልብ ይነካል፤ እግዜር ያውጣን።

ሁለት ልጆች
ሚያዝያ 16፣ ከምሽቱ 1፡00

እኔ የምጽፈው ስለ ልጆች ነው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ከመጋቢት 7 ጀምሮ ሁለቱ ቤቱን አፍርሰውታል። ወንዱ አምስት፣ ሴቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ካሊፎርኒያ ያለው ጌቲ የሚባለው ሙዚየም መጋቢት ውስጥ አንድ ጨዋታ ጀምሯል። የምትወዱትን የታወቀ ሥዕል ምረጡ፤ ቤት ውስጥ ባለ ሦስት ዕቃ ራሳችሁ ሥዕሉን ሁናችሁ ፎቶ ተነሡ ነው የሚለው። ሐሳቡን መጀመሪያ ያመጡት ሆላንዶች ናቸው። ሰው በሽንት ቤት ወረቀት የነገሥታት አንገትጌ ሠርቶ ታያላችሁ። ልጄ እነዚያን ፎቶዎች እያየች "እኛስ የኛን ሥዕል ለምን አንሠራም?" አለችኝ። ሳሎናችን ውስጥ የንግሥት ሳባና የሰለሞን ታሪክ፣ ያ በትንንሽ ሣጥን የተከፋፈለው በቆዳ ላይ የተሣለ ሥዕል ተሰቅሏል። እዚያው እያደገች አንድም ቀን ቀርባ አይታው አታውቅም ነበር።

የዚያን ቀን ወንበር ላይ ወጥታ ሣጥን በሣጥን ቆጠረችው። አርባ አራት ነው። የመጀመሪያዎቹ ላይ ያለውን ዘንዶ አየችና ታናሽ ወንድሟን የአባቱን ቀበቶ አስይዛ ዘንዶ አደረገችው። እሷ ነጠላዬን ተከናንባ የኔን ሙዳይ ይዛ ማክዳ ሆነች። ፎቶ ላነሣ ስል "ቆይ እማ፣ ዓይናቸው ወደ ጎን ነው የሚያየው" ብላ ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ በዚያ ሥዕል ሥር አሥር ዓመት ሳልፍ ይህን ልብ ብዬ አላውቅም። ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን ብቻ ሆኖ የሚሣልበት የቆየ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዳለም ለሷ ለማስረዳት ስል ነው ያነበብኩት።

መምህር በጡረታ
ሚያዝያ 17፣ ከጠዋቱ 2፡30

ሁለት ልጆች፣ ልጅሽን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። ያልሽው የዓይን ሥርዓት ትክክል ነው፤ በአሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ይታያል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ሚላኖ፣ ለንደን፣ ካሊፎርኒያ ትላላችሁ። ሼክስፒርን በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ መድረክ ላይ ያየን ሰዎች ነን፤ የፈረንጅ ጥበብ አልጠላም። ነገር ግን እቤት ተቀምጠን ዓለምን ስናይ የራሳችን የት አለ?

ከሚኒሶታ
ሚያዝያ 17፣ ከምሽቱ 4፡15

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የአሮጌው ገበያ ልጅ ነኝ፤ አሁን ሚኒሶታ ነው የምኖረው። የራሳችን የት አለ ላሉት፣ አንዱ ክፍል እዚህ እኔ ካለሁበት ግዛት ውስጥ ነው ብልዎ ያምኑኛል?

ኮሌጅቪል የሚባል ትንሽ ቦታ የቤኔዲክታውያን ገዳም አለ። እዚያ ያለው ሂል የሚባለው የብራና መጻሕፍት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር ሆኖ በአገር ቤት የሚገኙ ብራናዎችን በማይክሮፊልም ሲያስነሣ ነበር። ብራናዎቹ ከቦታቸው አልተነሡም፤ የተወሰደው ፎቷቸው ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። እያንዳንዱ ምን እንደሆነ መርምረው ሲመዘግቡ የኖሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ ለዚህ ድካማቸው እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት የተቀበሉት። አሁን በድረ ገጻቸው በነፃ ተመዝግቦ ገጽ በገጽ ማንበብ ይቻላል። የድሮዎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ቀለማቸው አይታይም።

ቀለም ከፈለጉ የለንደኑን ብሪቲሽ ላይብረሪ ይክፈቱ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱት ብራናዎች ከነሥዕላቸው እዚያ አሉ፤ ብዙዎቹ ፎቷቸው ተነሥቶ ለሁሉም ክፍት ነው። በእነሱ እጅ መሆኑ ያማል። ግን ሐዋሳ ያለች እናት በስልኳ ከፍታ ልታነበው መቻሏ ያጽናናኛል።

ሐይቅዳር
ሚያዝያ 20፣ ከምሽቱ 2፡45

ከሚኒሶታ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ ዳዊት የደገመች ናት። ትናንት የለንደኑን አንድ ተአምረ ማርያም ከፈትኩላት። ገጹን በሁለት ጣት መዘርጋት አስተማርኳት። መጀመሪያ ስልኩን ተሳለመችው። ከዚያ ጣቷን በመስኮቱ ላይ እየጎተተች፣ ፊደሉን እየተከተለች ድምፅ አውጥታ ማንበብ ጀመረች። የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም የተጻፈበት ላይ ስትደርስ ሁሌ ትቆማለች፣ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች፣ ትቀጥላለች። አንድ ገጽ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። "የጻፈው እጁ አልቸኮለም፣ እኛ ለምን እንቸኩላለን?" አለችኝ።

ማሲንቆ
ሚያዝያ 21፣ ከቀኑ 9፡00

ሰላም ለሁላችሁ። ክሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። እኔ እዚሁ ሐዋሳ በአንድ የባህል ምግብ ቤት ማሲንቆ የምጫወት ሰው ነኝ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ከተከለከለ ወዲህ ቤቱ ተዘጋ፤ የኔ ደመወዝ ደግሞ ሽልማት ነው፤ ሰው ከሌለ የለም።

ባለፈው ሳምንት ኪራይ ቤቴ ውስጥ ሆኜ በፌስቡክ ላይቭ ሞከርኩ። ሠላሳ ሰው ገባ። መጫወቱ አልከበደኝም፤ የከበደኝ ዝምታው ነው። አዝማሪ ያለ ሰው ምን ያደርጋል? እኔ የምኖረው "ተቀበል!" በሚለኝ ሰው ነው። አንዱ ከጠረጴዛው ግጥሙን ይወረውራል፣ እኔ እቀበላለሁ፣ ቤቱ ይስቃል፣ ሌላው ይመልስበታል። ስልክ ፊት ስቀመጥ ተቀበል የሚለኝ ጠፋ። ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡30 እንደገና ልሞክር ነው። ብትገቡልኝ።

ባለፍላሽ
ሚያዝያ 21፣ ከቀኑ 9፡25

ወንድሜ፣ ግጥሙን ኮሜንት ላይ እንጻፍልህ፤ አንተ እያነበብክ ተቀበል። ደግሞ ያለፈውን ሰምቼዋለሁ፤ ስልኩን ባዶ ጠረጴዛ ላይ ነው ያስቀመጥከው መሰለኝ፣ ይንቀጠቀጣል። ጋቢ አጥፈህ ከሥሩ አድርግ። ከኋላህ ባለው ግድግዳ ላይም ብርድ ልብስ ስቀል፤ ክፍሉ ባዶ ስለሆነ ያስተጋባል።

ሐይቅዳር
ሚያዝያ 25፣ ከጠዋቱ 3፡10

የትናንትናውን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

ጋቢውና ብርድ ልብሱ ሠርቷል። የፈረስ ጭራው ሲፈተግ ያለውን ድምፅ፣ ያንን ትንሽ ሻከር ያለውን፣ ከፊታችን ያለ ይመስል ሰማነው። በትዝታ ጀመረ፣ ወደ ባቲ ሄደ። መጀመሪያ ኮሜንት ላይ ሰው ልብና ጭብጨባ ብቻ ነበር የሚልከው። ባለፍላሽ አንድ ስንኝ ጻፈ፣ ተቀበለው። ከሚኒሶታ አንድ ጻፈ፤ እዚያ ገና ከቀኑ 6፡30 ነው፣ ሥራ ላይ ሆኖ። ችግሩ መዘግየቱ ነው። እኛ የምናየው እሱ ከተጫወተው ግማሽ ደቂቃ ገደማ ወደ ኋላ ነው፤ ግጥሙ ሲደርሰው ዜማው አልፏል። እሱ ግን ብልሃት ፈጠረ። በመሃል መሃል ሳይዘፍን ማሲንቆውን ብቻ እያዞረ ይጠብቃል፤ ስንኙ ሲመጣ ይገባበታል። ያ ጥበቃ ራሱ ደስ ይላል፤ ማን ሊጽፍ ነው እያልን ስልኩ ላይ አፍጥጠን።

ያኔ እናቴ "እኔም አለኝ፣ ጻፊልኝ" አለችኝ። ደነገጥኩ። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግጥም ስትል ሰምቻት አላውቅም። እንዲህ አለች፦

እጄን ሳጥብ ውዬ ሳሙናው አለቀ፣
የመዳፍሽ ጠረን ከእኔ መች ራቀ።

ጻፍኩት። ጠበቅን። ማሲንቆ አነበበው፤ ፈገግ ሲል በ144 ጥራትም ይታያል። ሦስት ጊዜ ደጋገመው፣ ሦስተኛው ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እናቴ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ አየችው። ሲጨርስ "ይኼ አባትሽ የሚለኝ ዓይነት ነው" ብላ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

የሞቢል ልጅ
ሚያዝያ 25፣ ከምሽቱ 1፡50

እኔም ገብቼ ነበር። ባጃጁን አቁሜ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ነው የሰማሁት። የእናትሽን ግጥም ሲቀበል ዓይኔ እንባ ሞላ። ያን ቀን የጻፍኩትን ይቅር በይኝ።

ማሲንቆ፣ የ25 ብር ካርድ ፍቄ ቁጥሩን በውስጥ ልኬልሃለሁ። ትንሽ ነው።

ማሲንቆ
ሚያዝያ 26፣ ከጠዋቱ 4፡00

ወንድሜ፣ አንተ በዚህ ጊዜ! ተባረክ። ብዙ ሰው ካርድ ልኮልኛል። እውነቱን ልናገር፣ የተረፈኝን ካርድ ሰፈር ላለው ሱቅ በትንሹ ቀንሼ ሸጥኩና ጤፍ ገዛሁበት። የባንክ ቁጥሬን የጠየቃችሁኝ በውስጥ እልካለሁ፤ እዚህ አልለጥፍም። እማማን ጉልበታቸውን ሳሙልኝ። በዚያ ስንኝ ውስጥ እኔም የራሴን ሰው አገኘሁበት።

መምህር በጡረታ
ግንቦት 1፣ ከጠዋቱ 2፡15

ማሲንቆ ልጄ፣ ቅሬታዬን መልሰሃል። የለንደኖቹንም አየሁ። ሚያዝያ 22 የተለቀቀው «ፍራንከንስታይን» ላይ ተዋናዮቹ ቤኔዲክት ከምበርባችና ጆኒ ሊ ሚለር ሚና እየተቀያየሩ በሁለት የተለያየ ቅጂ ተጫውተውታል፤ አንዱ ዛሬ ፈጣሪ፣ ነገ ፍጡር። ሁለቱንም አየሁና ከባለቤቴ ጋር ማን በለጠ ብለን ሳንስማማ አደርን። የኛ ቴአትር ቤቶችም ያላቸውን ቅጂ እንዲህ ለአንድ ሳምንት ቢለቁልን ምናለ?

ሁለት ልጆች
ሰኔ 13፣ ከምሽቱ 1፡30

የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራን ያነሣ የለም። ከመጋቢት 7 ጀምሮ በየቀኑ አንድ ኦፔራ በድረ ገጹ በነፃ ይለቃል። በእኛ ከሌሊቱ 8፡30 ይገባና በማግሥቱ እስከ ሌሊቱ 7፡30 ይቆያል፤ ስለዚህ በቀን ማየት ይቻላል። ረጅም ነው፣ ሜጋ ይበላል። እኔ ኦፔራው አልገባኝም፤ ልጄ ግን ልብሶቹን ለማየት ትከፍተዋለች።

ባለፍላሽ
ሐምሌ 17፣ ከጠዋቱ 3፡00

እንዴት ናችሁ ቤተሰብ? ሁላችሁም ደህና ናችሁ? ሰኔ 22 ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግሥቱ ኢንተርኔት ጠፋ፤ ከሦስት ሳምንት በላይ ክሩ እዚሁ ቆመ። የሃጫሉን ነፍስ ይማር። ያለቀሰ ሁሉ መጽናናት ይሁንለት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማሲንቆ በሰኔ መጀመሪያ "የላይቮቼን ቅጂ አስቀምጥልኝ፤ የጠየቀህም ካለ ስጥ" ብሎኝ ነበር። መስመር በጠፋበት ጊዜ ሱቄ ሰው ሲመጣ የሚጠይቀው እሱን ነው። "ያ በኮሜንት ተቀበል የሚባልበት አለህ?" ይሉኛል። በሚሞሪ፣ በፍላሽ እየጫንኩ ሰጠሁ። ለመጫን የምወስዳትን ገንዘብ ግማሿን ለብቻ አስቀምጬለታለሁ። ማሲንቆ፣ ና ውሰድ።

ሐይቅዳር
ሐምሌ 17፣ ከቀኑ 5፡20

ደህና ነን፣ ተመስገን። የለንደኑ ፕሮግራም አልቋል። እኔ ጋ ኢንተርኔት የተመለሰው ሐምሌ 16 ነው፤ የመጨረሻው ቴአትር የሚነሣበት ቀን። ስንከፍተው ግማሹን ሳናይ ሰዓቱ ደረሰ። እናቴ ግን ብዙም አላዘነችም። በነዚያ ሦስት ሳምንታት ከባለፍላሽ ያስመጣናትን ሚሞሪ ማታ ማታ ስትሰማ ነበር፤ እየሰማች ደግሞ በእኔ የድሮ ደብተር ጀርባ ላይ ስንኝ ስትጽፍ አየኋት። አሥራ አንድ ደርሰዋል። አታሳዪ ብላኛለች።

ማሲንቆ
ሐምሌ 17፣ ከቀኑ 8፡45

ባለፍላሽ፣ ወንድሜ፣ መጣሁ። ነገ ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡30 እገባለሁ። እማማ ከአሥራ አንዱ ሦስቱን ብቻ ዛሬውኑ በውስጥ ይላኩልኝ፤ መስመሩ እንደሚዘገይ ያውቁታል።